ዝንብና ካንሰር ምን አገናኛቸው?

ጥያቄ፦ ካንሰር የሚያጠኑ ሰዎች ላቦራቶሪ ውስጥ የፍራፍሬ ዝንብ ያረባሉ ሲባል ሰማሁ። የምር ነው ወይስ ቀልድ?

መልስ፦ የምር ነው። ሴሎቻችን ውስጥ «በቃ፣ መባዛት አቁም» የሚሉ ጂኖች አሉ። እነሱ ሲበላሹ ሴሉ ዝም ብሎ ይባዛል፣ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ጂኖች ብዙዎቹ ታዲያ ዝንቧም ጋ አሉ።

ሂፖ የሚባለውን እንውሰድ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የታወቀ ነው። ጂኑ መላ አካሏ ላይ ከጠፋ ለአቅመ ዝንብነት ሳትደርስ ትሞታለች፤ ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ጭንቅላቷ ላይ ብቻ አጠፉት፣ የቀረው አካሏ ጤነኛ እንደሆነ ማለት ነው። ጭንቅላቷ አበጠ፣ ቆዳው ተጨማደደ፣ ቁርጥ ጉማሬ! ስሙም የመጣው ከዚያ ነው፣ «ሂፖ» በእንግሊዝኛ ጉማሬ ማለት ነው። (የዝንብ ተመራማሪዎች ስም ማውጣት ይችሉበታል።)

ለምን ሰው ላይ ወይም አይጥ ላይ አይፈልጉትም ትል ይሆናል። እኛ ጋ አንድ ጂን ብዙ ጊዜ መንታ አለው፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንለታል፣ ችግሩም አይታይም። የሂፖ አቻ ሰው ላይ ሁለት ነው፣ ዝንቧ ጋ አንድ ብቻ። ደግሞ በ25 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ ለማውጣት 10 ቀን ገደማ ይበቃታል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ይሄ ነው፦ ዋርትስ የሚባለው ሌላው «መባዛት አቁም» ባይ ጂን የጠፋባት ዝንብ ውስጥ የሰውን አቻ፣ ላትስ 1ን፣ ሲያስገቡላት ሥራውን ተክቶ ሠራ።

መድኃኒት ግን በዝንብ ብቻ አይረጋገጥም፣ እሱ ገና ብዙ መንገድ አለው።