የፎርሙን ስሞች በራሴ ስም ልጥራቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ። ከዚራ ላለ አንድ ፔንሲዮን የአልጋ ማስያዣ ፎርም እየሠራሁ ነው። ገጹን የሠራው ልጅ የፊልዶቹን (የሚሞሉትን ሳጥኖች) ስም «ኤፍ1»፣ «ኤፍ2»፣ «ቴል.ኖ» እያለ ነው የተወው። እኔ ፎርሙን በሚቀበለው የፒኤችፒ ኮድ ላይ «ስም»፣ «ስልክ» እያልኩ ልጠቀምባቸው እፈልጋለሁ። ፊልዱ ብዙ ስለሆነ አንድ በአንድ መጻፉ ሰለቸኝና ሁሉንም በአንዴ በሚያወጣው የፒኤችፒ ትእዛዝ፣ በኤክስትራክት፣ ልገላገል አልኩ። ስልኩ ግን ባዶ ይሆንብኛል። ለቁልቢ መድረስ አለበት። ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አቦ፣ መጀመሪያ ስልኩን እንጨርስ። ፒኤችፒ የፊልድ ስም ውስጥ ነጥብ ወይም ክፍት ቦታ ካገኘ ራሱ ወደ ታች ሰረዝ ይለውጠዋል። «ቴል.ኖ» ብለህ ብትጠራው የለም፤ ያለው «ቴል_ኖ» ነው። ከፎርሙ የተላከውን የያዘውን ፖስትን ውስጡን በሚያሳየው ቫር ደምፕ አውጥተህ እየው፣ ቁጭ ብሎልሃል።

ኤክስትራክትን ግን እባክህ ተወው። የተላከውን ስም ሁሉ ቫሪያብል (ኮዱ ውስጥ መረጃ የሚይዝ ስም) ያደርገዋል፤ በዚያ ስም ቀድሞ የነበረህ ካለም ይደርብበታል። የክፍሉን ሂሳብ «ዋጋ» በሚል ቫሪያብል ይዘሃል እንበል። አንዱ ተንኮለኛ ፎርምህ ላይ የሌለ «ዋጋ» የሚል ፊልድ ጨምሮ 1 ብር ብሎ ይልክልሃል። በቃ፣ በቁልቢ ሰሞን፣ ድሬ ላይ አልጋ በሚጠፋበት ጊዜ፣ ሰውዬው በ1 ብር አደረ ማለት ነው። ድሮ ፒኤችፒ ራሱ ሬጂስተር ግሎባልስ በሚባል ቅንብር ሳትጠይቀው እንዲህ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በቅጂ 4.2 ላይ ከመነሻው ዝግ ሆነ፤ በ2012 ደግሞ ከ5.4 ጭራሽ ወጣ። ለኤክስትራክት ቅድመ ቅጥያ መስጠት ይቻላል፣ መደረቡንም ይቀንሳል፤ ግን «ኤፍ1»ን «እንግዳ_ኤፍ1» ቢያደርግልህ ምን ረባህ?

የሚሻለው ይኸውልህ። የራስህን አሬይ (ጥንድ ጥንድ ዝርዝር) ሥራ፦ በግራ የፎርሙ ስም፣ በቀኝ አንተ የምትፈልገው። «ኤፍ1» ለ«ስም»፣ «ቴል_ኖ» ለ«ስልክ»። ከዚያ ዝርዝርን አንድ በአንድ በሚያዞረው ፎርኢች ስትዞር ፖስት ላይ ሳይሆን በዚህ በራስህ ዝርዝር ላይ ዙር። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ቢላክ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እያንዳንዱን «እንግዳ» በሚል አዲስ አሬይ ውስጥ በአዲሱ ስሙ አስቀምጠው፤ ያልተላከ ካለ ደግሞ ከፒኤችፒ 7.0 ጀምሮ ባለው ሁለት የጥያቄ ምልክት (??) ባዶ ጽሑፍ ስጠው፣ ምክንያቱም ምልክት ያልተደረገበት ቼክቦክስ ከነጭራሹ አይላክም።

ሁለት የዶላር ምልክት ደርድረህ ለየብቻ ቫሪያብል ልታደርጋቸውም ትችላለህ። እኔ አልወደውም። ከወራት በኋላ ኮዱን ስትከፍት ከሰማይ ዱብ ያለ ቫሪያብል ከየት እንደመጣ ስትፈልግ ትውላለህ፤ «እንግዳ» ውስጥ ያለ «ስልክ» ግን አድራሻው ይታወቃል።

ስልኩን ደሞ ወደ ቁጥር እንዳትቀይረው፣ የፊቷ 0 ትጠፋለች። ዳታቤዝ ውስጥ ስትከተውም መረጃውን ከትእዛዙ ለይቶ በሚልከው ፕሪፔርድ ስቴትመንት ይሁን፤ ስሙን ስለለወጥከው ብቻ ውስጡ አልተጣራም።