መወጣጫው ተሠርቷል፤ እናቴ ግን «ሁለተኛ አልሄድም» ብላለች

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም የአካባቢ አስተዳደሮች አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ሌሎች ለችግር ተጋላጭ የሆኑ ነዋሪዎችን እንዴት እያስተናገዱ እንደሆነና እንዴት ሊያስተናግዱ እንደሚገባ ነው። አምስቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል። የጠያቂዎችን ስምና የቅሬታቸውን አድራሻ አላወጣንም።

ጥያቄ፦ እናቴ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የአካባቢያችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በመግቢያው ደረጃዎች ጎን የሲሚንቶ መወጣጫ አሠርቷል። ወንበሩን ስገፋው ግን የፊት ጎማዎቹ ከመሬት እየተነሡ ወደ ኋላ ይመልሰኛል። ባለፈው ጊዜ ሁለት ባለጉዳዮች ከነወንበሯ ተሸክመው አስገቧት። ቤት ስንደርስ «ሁለተኛ አልሄድም» አለችኝ። ቅሬታ ሳቀርብ የተሰጠኝ መልስ «ግዴታችንን ተወጥተናል» የሚል ነው። እውነት ተወጥተዋል?

መልስ፦ ከገለጹልን ተነሥተን ስንፈርድ አልተወጡም። መወጣጫ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ልኩም መታየት አለበት። በብዙ አገሮች የግንባታ ደንብ ተቀባይነት ያገኘው ልክ «አንድ ለዐሥራ ሁለት» የሚባለው ነው፤ ከፍታው አንድ ሴንቲ ሜትር በጨመረ ቁጥር የመወጣጫው ርዝመት ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል ማለት ነው። ሦስት ደረጃዎች ያሉት መግቢያ፣ እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በጠቅላላው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል፤ ስለዚህ መወጣጫው ከ5 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የምናየው ግን ሁለት ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ በደረጃው ጠርዝ ላይ እንደ ነገሩ የፈሰሰ ሲሚንቶ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ጆንያ ለጫነ የእጅ ጋሪ ያገለግል ይሆናል፤ ሰው የተቀመጠበትን ወንበር ግን ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሜትር ይዘው ይሂዱ፤ ከፍታውንና ርዝመቱን ለክተው ርዝመቱን ለከፍታው ያካፍሉ። ውጤቱ ከ12 ካነሰ ቅሬታዎን «ገደላማ ነው» ከማለት ይልቅ በቁጥር ይጻፉት። ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በቀላሉ «ተመልክተነዋል» ተብሎ አይታለፍም።

ልኩ ቢስተካከልም ጉዳዩ በዚያ አያበቃም። መወጣጫው ጫፍ ላይ ወንበሩ ቆሞ በሩን ለመክፈት የሚያስችል ደልዳላ ቦታ ከሌለ፣ እናትዎ በአንድ እጃቸው በሩን ሲስቡ ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በሩ ከከበደ ወይም ከጠበበም አይገቡም። ከገቡ በኋላ ደግሞ የአገልግሎት መስኮቱ በቆመ ሰው ቁመት የተሠራ ከሆነ ሠራተኛው የሚያየው የራስ ቅላቸውን ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጥያቄውን የሚያቀርበው ወንበሩን ለሚገፋው ሰው ነው፤ «ስማቸው ማን ነው?» እያለ፣ እርሳቸው እዚያው እየሰሙ። ተደራሽነት ከቤት ደጃፍ ጀምሮ ፊርማው እስከሚፈረምበት ጠረጴዛ ድረስ የተያያዘ ሰንሰለት ነው፤ አንዲት ቀለበት ከተበጠሰች ሌላው ሁሉ ተሠርቶም አልተሠራም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ሕንፃን፣ መንገድን፣ መጓጓዣንና መረጃን በአንድነት የጠቀሰው ለዚህ ይመስለናል።

የተሸከሟቸው ሁለቱ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ይሁን እንጂ ጽሕፈት ቤቱ የእነርሱን ደግነት እንደ ራሱ አገልግሎት ሊቆጥረው አይችልም። ሰው እንደ ዕቃ ተሸክሞ ማስገባት ለተሸካሚው ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በአደባባይ የሚሸከሟቸው አንዲት አዛውንት ግን ምን እንደሚሰማቸው እናትዎ ባጭሩ ነግረውዎታል። የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ አንድ ቀን ከቤትዎ እስከ መስኮቱ ድረስ አብሯችሁ እንዲጓዝ በጽሑፍ ቢጋብዙት ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይማራል፤ ያሰናከላችሁን ነገር ሁሉ በየቦታው እየቆማችሁ አብራችሁ መዝግቡ።

ጥያቄ፦ በአንድ ማዘጋጃ ቤት የበጀት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ለየሠፈሩ እኩል ስናከፋፍል ማንም ቅሬታ አያነሣም፤ ለአንዱ አብልጠን ስንሰጥ ግን አድልዎ ፈጸማችሁ ተብለን እንከሰሳለን። እኩል መስጠት ፍትሐዊ ካልሆነ ፍትሐዊ የሚባለው የቱ ነው?

መልስ፦ እኩል መስጠት ፍትሐዊ የሚሆነው ተቀባዮቹ የቆሙበት መነሻ እኩል ሲሆን ነው። ውኃ ቀድሞ ለገባለት ሠፈርና ውኃ ላልገባለት ሠፈር በእኩል ገንዘብ መንገድ ቢሠራላቸው፣ በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በኑሮ ግን ልዩነታቸው እንዳለ ይቀጥላል። አድልዎ ከሚለው ክስ የሚያድንዎት እኩል ማከፋፈል ሳይሆን መስፈርቱን አስቀድሞ በይፋ ማውጣት ነው። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 ነዋሪዎችን በበጀት አወጣጥ ማሳተፍ ስትጀምር የተከተለችው መንገድ ይህን ይመስላል፤ ለየአካባቢው የሚሰጠው ነጥብ ከነዋሪው ብዛትና ነዋሪዎቹ ራሳቸው ካስቀመጡት ቅደም ተከተል ሌላ፣ አካባቢው ምን ያህል መሠረተ ልማት እንደጎደለው የሚታይበት ነበር። የጎደለው የበለጠ ያገኛል፤ ስሌቱን ግን ሁሉም ያየዋል።

ፍትሐዊነት ሁልጊዜ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንዳንዴ ቅደም ተከተልን መለወጥ ብቻ ይበቃል። ካርልስኩጋ የምትባል የስዊድን ከተማ የበረዶ ጠረጋዋን ስትመረምር ቀድመው የሚጠረጉት ዋና ዋናዎቹ የመኪና መንገዶች፣ በመጨረሻ የሚጠረጉት ደግሞ የእግረኛ መንገዶች መሆናቸውን አየች። በእግራቸው የሚሄዱት፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፉት በብዛት ሴቶች ነበሩ፤ በረዶ ላይ ተንሸራትቶ የሚሰበረውም እግረኛው ነው። ስለዚህ ተራው ተገልብጦ በሕፃናት ማቆያዎች አካባቢ ያሉት መንገዶችና የእግረኛ መንገዶች ቀደሙ። የሚጠረገው በረዶ ያው የቀድሞው ነበር። እርስዎም የጽዳቱን፣ የመብራቱን፣ የጥገናውን መርሐ ግብር ገልጠው «መጀመሪያ የሚደረስለት ማን ነው?» ብለው ቢመለከቱ፣ ማንም አስቦ ያልወሰነው፣ በልማድ ብቻ የቆየ ተራ ሊያገኙ ይችላሉ።

አንድ ነገር እናክል፤ በጀት የሚደለደልበትን የቆጠራ ቁጥር አይመኑት ባንልም በጥርጣሬ ይመልከቱት። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ የሚሆነው፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከበድ ካለ የአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ይገምታል። የእርስዎ መዝገብ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ካሳየ፣ ስሕተቱ ያለው ምናልባት አጠያየቁ ላይ ነው። ቆጣሪው ደጃፍ ላይ ቆሞ «እዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ቤተሰብ «የለም» ይላል፤ አንዳንዱ ስለሚያፍር፣ አንዳንዱም የአያቱን አለመስማት እርጅና እንጂ ጉዳት ነው ብሎ ስለማያስብ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተዘጋጁት ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች ስለ ማየት፣ ስለ መስማት፣ ስለ መራመድ፣ ስለ ማስታወስ፣ ራስን ስለ መንከባከብና ስለ መግባባት የሚጠይቁት «ምን ያህል ያስቸግርዎታል?» ብለው ነው። ጉዳት የሚለው ቃል በውስጣቸው የለም።

ጥያቄ፦ ማየት የተሳነኝ ነኝ። የአካባቢያችን ምክር ቤት የስብሰባ ጥሪ የሚያወጣው በማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ ነው፤ የሚለጥፈውም ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶግራፍ አንሥቶ ስለሆነ ስልኬ አያነብልኝም። ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦ በጣም ቀላል ነገር ይጠይቋቸው፤ ፎቶግራፉን ይተዉት፣ ከሥሩ ግን የደብዳቤውን ቃል በጽሑፍ ያስፍሩት። ማኅተሙ ሳይነካ ስልክዎ ጽሑፉን ያነብልዎታል፤ ሥራውም ደብዳቤው የተተየበበትን ፋይል መገልበጥ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ መረጃ በአንድ መንገድ ብቻ መውጣት የለበትም፤ ዘመናዊ ስልክ ለሌለው የስልክ መስመርና የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ መስማት ለተሳነው በስብሰባው ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ ለሁሉም ደግሞ ቀለል ያለ አጻጻፍ ያስፈልጋል። ስለ መጨረሻው ስንናገር እኛም ጸሐፊዎቹ ከጥፋቱ ነጻ አይደለንም።

ጥያቄ፦ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አባቴ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከአስተዳደሩ የመጡ ሰዎች «ለአደጋ ጊዜ ተጋላጭ ነዋሪዎችን እየመዘገብን ነው» ብለው ስማቸውን፣ ሕመማቸውንና የሚተኙበትን ክፍል ጠየቋቸው። አባቴ ተቆጥተው መለሷቸው። ትክክል ናቸው ወይስ ተሳስተዋል?

መልስ፦ የምዝገባው ሐሳብ ከመራራ ልምድ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 በቺካጎ በወረደው ኃይለኛ ሙቀት ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ማንም በራቸውን ያላንኳኳላቸው አረጋውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የበጋ ሙቀት ፈረንሳይ ውስጥ 15,000 ያህል ሰዎችን ከገደለ በኋላ የወጣው የ2004 ሕግ፣ ከንቲባዎች በቤታቸው የሚኖሩ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን መዝገብ እንዲይዙ አዟል። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ2013 ባሻሻለችው የአደጋ መከላከል ሕግ፣ ማዘጋጃ ቤቶች በአደጋ ጊዜ ለመውጣት እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ነዋሪዎች ስም ዝርዝር እንዲያዘጋጁ ግዴታ ጥላለች።

ያም ሆኖ የአባትዎን ቁጣ መነሻ የሌለው ነው አንልም። በፈረንሳዩ አሠራር መዝገቡ ውስጥ የሚገባው ራሱ የፈለገ ወይም ቤተሰቡ የጠየቀለት ሰው ነው፤ ተገድዶ የሚገባ የለም። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ስምና የሚተኛበት ክፍል የተጻፈበት ወረቀት ከሰው እጅ ቢወድቅ ለሌባ መልካም ካርታ ይሆናል፤ ስለዚህ የመጡት ሰዎች ማንነታቸውን ማሳየት፣ መዝገቡን ማን እንደሚያየውና የት እንደሚቀመጥ፣ ከፈለጉም እንዴት እንደሚሰረዙ መናገር ነበረባቸው። የሕመሙን ስም ማወቅም ብዙ አይጠቅምም። የሚያስፈልገው «ደረጃ መውረድ ይችላሉ? በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ አለዎት? ደወል ይሰማሉ?» የሚለው ነው፤ ለነፍስ አድን ሠራተኛው ከስኳር ወይም ከደም ግፊት ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ መዝጋቢዎቹን አንድ ጥያቄ ይጠይቁልን፤ አደጋው የደረሰ ዕለት የአባቴን በር የሚያንኳኳው ማን ነው? በስም የሚታወቅ ሰው፣ እርሱም ባይኖር የሚተካው ሌላ ሰው፣ ስልክ ቁጥራቸውም ለአባትዎ የተሰጠ ካልሆነ፣ ዝርዝሩ ከመደርደሪያ አይወርድም። እነዚህን መልሶች ካገኙ አባትዎን እንዲመዘገቡ ቢያግባቧቸው እንመክራለን። ሽማግሌ ሰው መታዘንን ይጠላል፤ ስለዚህ «ይርዱዎታል» ከማለት ይልቅ የታችኛውን ቤት ጎረቤት እንዲጠብቁ አደራ ቢሰጧቸው፣ ከመቆጣት ይልቅ ስለ መዝገቡ ራሳቸው ይጠይቁ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በምሠራበት ማኅበር በኩል ለምናቀርበው ጥያቄ ሁሉ መልሱ «በጀት የለም» ነው። ጉዳይ የሚፈጸምበት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ከፊት ለፊቱ ባለው አዲስ አስፋልት ዳር ለዓይነ ስውራን ተብሎ የተነጠፈው ንጣፍ ደግሞ ቀጥታ ከመብራት እንጨት ጋር ያላትማል። በእውነት የገንዘብ ጉዳይ ነው?

መልስ፦ ንጣፉን በተመለከተ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም፤ ገንዘቡማ ወጥቷል። ያንን ንጣፍ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈለሰፉት ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ሲሆኑ፣ መጀመሪያ የተነጠፈውም በ1967 በኦካያማ ከተማ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ ባለ መንገድ ላይ ነው። ረዣዥሞቹ መስመሮች «ቀጥል»፣ ክብ ክቦቹ ጉብታዎች «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ማለታቸው ነው። መስመሩን ተማምኖ የሚራመድ ሰው ከእንጨት ጋር ሲላተም፣ ንጣፉ ጨርሶ ባይኖር ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ በነጭ በትሩ እየፈተሸ ቀስ ብሎ ይሄድ ነበር። አንጣፊው በሥዕሉ መሠረት ሠራ፣ ተቆጣጣሪው ካሬ ሜትሩን ቆጥሮ ፈረመ፣ ከርክክቡ በፊት አንድ ዓይነ ስውር እንዲራመድበት ግን ማንም አልጠራም። ማኅበራችሁ የርክክብ ኮሚቴ ውስጥ መቀመጫ ቢጠይቅ አስተዳደሩን ምንም አያስወጣውም።

አዲስ ሥራን በተመለከተም «በጀት የለም» የሚለው ሰበብ ደካማ ነው፤ መወጣጫና ሰፊ በር በንድፉ ውስጥ ከመጀመሪያው ሲገቡ ከጠቅላላው ወጪ ትንሽ ድርሻ ብቻ ይወስዳሉ፤ ውድ የሚሆነው አልቆ የተመረቀውን አፍርሶ መሥራት ነው። በልጅነታቸው በፖሊዮ ታመው በተሽከርካሪ ወንበር የኖሩት አሜሪካዊው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ «ለሁሉም የሚሆን ንድፍ» የሚለውን አስተሳሰብ ሲያስፋፉ የተከራከሩት በዚሁ ነበር፤ ዝቅ ያለ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሕፃን በጋሪ ለምትገፋ እናትም፣ ሻንጣ ለሚጎትት መንገደኛም ያገለግላል።

ነባሩ ሕንፃ ግን የተለየ ነው፤ እዚያ አስተዳደሩ እውነት አለው። ሊፍት ውድ ነው፣ በአንድ ዓመትም ላይገባ ይችላል። ከላይ የጠቀስነው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ቢሆን አጠቃላይ ተደራሽነትን ደረጃ በደረጃ ማሟላት እንደሚቻል ይቀበላል። ይሁን እንጂ አንድ የተወሰነ ሰው ለጉዳዩ ሲመጣ የሚደረግለት ተገቢ ማመቻቸት፣ ማለትም አገልግሎቱን ለእርሱ እንዲመች ማስተካከል፣ ከዚያ ተለይቶ የሚታይ፣ ከአቅም በላይ ሸክም እስካልሆነ ድረስ ከጥያቄው ቅጽበት ጀምሮ የሚጸና ግዴታ ነው። ሊፍቱ እስኪገባ ሠራተኛው ፋይሉን ይዞ ወደ ምድር ቤት መውረድ ወይም በሳምንት ሁለት ቀን ታች መስኮት መክፈት ይችላል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን በሁለት ደብዳቤ ክፈሉት፤ አንደኛው ሊፍቱ በየትኛው በጀት ዓመት እንደሚታቀድ የሚጠይቅ፣ ሁለተኛው የአንድ ባለጉዳይን ስም፣ የሚመጣበትን ቀንና የሚፈልገውን አገልግሎት ጠቅሶ በዚያ ቀን ሠራተኛ እንዲወርድለት የሚጠይቅ ይሁን። ሁለተኛውን አስቀድማችሁ አስገቡ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥር አስመቱ፤ እምቢ ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።