ለሥልጠናው ያወጣሁት ብር ተመልሶልኛል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ኮምቦልቻ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም አሰፋለሁ። 12 ሠራተኞች አሉኝ፤ በወር በአማካይ 1,000 ልብስ ይወጣል። ዘንድሮ አሠልጣኝ አምጥቼ 5 ቀን አሠለጠንኳቸው፤ ለእሱ 30,000 ብር ከፈልኩ። በፊት ከ100 ልብስ 9ኙ ተበላሽቶ ይፈታ ነበር፤ አሁን 5 ሆኗል። አንዱን ፈትቶ መልሶ መስፋት 160 ብር ያስወጣኛል። ባለቤቴ ግን «ለውጡ የገዛሃቸው 4 ማሽኖች ነው፤ ብሩን በከንቱ ጣልከው» ትላለች። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሰላም ልጄ። ባለቤትህ የጠየቀችው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፤ አትቀየማት።

መጀመሪያ ወጪህን አሟላ። 30,000 ብቻ አይደለም። 12 ሰው 5 ቀን ሥራ ፈትቶ የቀን 300 ብሩን ወስዷል፤ ይህ 18,000 ነው። ለልምምድ የተቆረጠው ጨርቅና ክር 4,000 ይሁን። ድምሩ 52,000 ብር ነው።

አሁን ማሽኑንና ሥልጠናውን እንለይ። ስልክ ደውዬልህ በአሮጌዎቹ 8 ማሽኖች ከ100 ስንት እንደሚበላሽ አስቆጥሬህ ነበር፤ 6 አልከኝ። እነዚያ ማሽኖች አልተቀየሩም፤ የተቀየረው የሰዎቹ እጅ ነው። ስለዚህ ከ9 ወደ 6 የወረደው 3 የሥልጠናው ነው፤ የቀረው 1 የአዲሶቹ ማሽኖች። በወር 30 ልብስ፣ በ160 ብር ሲባዛ 4,800 ብር፤ በዓመት 57,600። ወጪውን ስትቀንስ 5,600 ይተርፋል። ለ52,000 አካፍለህ በ100 አባዛው፤ 11 በመቶ ገደማ ነው። ብርህ የሚመለሰው 11ኛው ወር ላይ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን አልጣልከውም።

ፈረንጆቹ ይህን ስሌት ሥራዬ ብለው ይዘውታል። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ በ1959 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አራት ነገር እንድንጠይቅ አስተማረ፦ ወደዱት ወይ? ተማሩ ወይ? ሥራ ላይ አዋሉት ወይ? ውጤት መጣ ወይ? ጃክ ፊሊፕስ ደግሞ በብር መመንዘሩን ጨመረበት። እኔ ድሮ በፈረቃ ኃላፊነት የሠራሁበት የጨርቅ ፋብሪካ የመጀመሪያዋን ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ሁሉም «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አደረገ፣ ሰርተፍኬት ተሰጠ፣ ሻይ በዳቦ ተበላ። በሳምንቱ የሚበጠሰው ክር ያው የድሮው ነበር። ያን ጊዜ ማንም ስለማይቆጥር በጣም አዝን ነበር። አንተ መቁጠርህ ደስ ብሎኛል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ይህ ሒሳብ የሚሠራው ልጆቹ አንተ ጋ ከቆዩ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው አጠገብህ ነው፤ የሠለጠነ እጅ ደግሞ የትም ይፈለጋል። ከወሩ 4,800 ላይ ቀንሰህ ስህተታቸው ለቀነሰ ልጆች ጉርሻ ስጥ። በየሰው ስም ደብተር ክፈት፤ የተፈታውን ልብስ በየቀኑ ጻፍ፣ ኮሌታ ይሁን ዚፕ ለይተህ። ለሚቀጥለው ሥልጠና አንድ ወር ቀድመህ መቁጠር ጀምር። ኮሌታ ላይ የሚሳሳቱት ሦስት ልጆች ብቻ ከሆኑ 12ቱንም ከሥራ አታስቁም።