መድኃኒት ቤቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሆስፒታል ዋርድ ግቢ

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የ5ኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነሽ። ታናሽ ወንድምሽ አስም አለበት። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒን በወሰደ ቁጥር ፊቱ ያብጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ትንፋሹ ግን እምብዛም አይሻለውም። የጎረቤታችሁ ልጅ በዚያው መድኃኒት በሦስት ቀን ተነስቶ ኳስ ይጫወታል። "ለምን?" ብለሽ ስትፈልጊ፣ የዘረመል ልዩነት ሰው ለመድኃኒት የሚሰጠውን ምላሽ እንዴት እንደሚለውጥ የሚያጠና ሙያ እንዳለ አወቅሽ። እሱን መማር ተመኘሽ። አባትሽ ደግሞ መድኃኒት ቤት ሊከፍቱልሽ ብር አዘጋጅተዋል። "ያ ትምህርት እዚህ አገር እንጀራ አይሆንም" ብለውሻል።

ሒሳቡ እንደሚያስፈራሽ፣ በ24 ዓመትሽም የዘገየሽ እንደሚመስልሽ ጽፈሻል። ሒሳቡ አያስፈራሽ፤ የሚያስፈልግሽ ስታቲስቲክስ ቁጭ ብለሽ ከሠራሽው የሚለመድ ነው። 24 ዓመትም ገና ነው። ወንድምሽን በተመለከተ፣ ስቴሮይዱን በራሳችሁ በድንገት እንዳታቋርጡበት፤ አደጋ አለው። ዘረመልን ከመጠርጠራችሁ በፊትም የሚነፋውን መድኃኒት እንዴት እንደሚስብ ሐኪሙ ዓይኑ እያየ ያስስበው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

እኔም ሥራ የጀመርኩት በሆስፒታል ፋርማሲስትነት ነው፤ ሕፃናት ክፍል። አንዲት እናት ኔፍሮቲክ ሲንድረም የሚባል የኩላሊት ሕመም የያዘውን ልጇን ይዛ መጣች። ፕሮቲን በሽንቱ እየወጣ ሰውነቱ አብጦ ነበር። ፕሬድኒሶሎን ተጀመረለት። አራት ሳምንት አለፈ፣ ስድስትም አለፈ፤ እብጠቱ አልጎደለም። "በትክክል እየሰጠሽው አይደለም" አልናት። ካሉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። እናትየዋ ምንም አልመለሰችም። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ባዶ የክኒን ማሸጊያዎቹን አንድ በአንድ ዘረጋችልን። አንድም ክኒን አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ኔፍሮቲክ ሲንድረም ከያዛቸው 100 ሕፃናት ከ80 እስከ 90 የሚሆኑት በስቴሮይድ ይሻላቸዋል። ከቀሩት መካከል አንዳንዶቹ የኩላሊታቸው ማጣሪያ ከመነሻው የተሠራበት ዘረመል ጉድለት አለበት። ከእነዚህ ዘረመሎች አንዱ፣ ፖዶሲን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ኤንፒኤችኤስ2፣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ያረጋጋል እንጂ የተበላሸ ማጣሪያ አይጠግንም። ልጁ ግን ክኒኑን እስከወሰደ ድረስ ፊቱ ያብጣል፣ ቁመቱ ይጓተታል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል። የዚያ ልጅ ችግር ይኼው ይሁን አይሁን የመረመረው የለም። እናቱን መውቀስ ግን ለሁላችንም ቀሎን ነበር።

የወንድምሽ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ የአስም ነገር ውስብስብ ነው። ስቴሮይድ ሴል ውስጥ ገብቶ ተቀባይ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ ዘረመሎቹ እስካሉበት የሴሉ እምብርት (ኒውክሊየስ) ድረስ ዘልቆ አንዳንድ ዘረመሎችን ይቀሰቅሳል፣ ሌሎችን ዝም ያሰኛል። ተቀባዩን የሚሠራው ኤንአር3ሲ1 የተባለው ዘረመል ላይ ትንሽ ልዩነት ካለ፣ ያው መጠን አንዱን ሰው ቶሎ ይነካዋል፣ ሌላውን እምብዛም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአስም ጥናትም ጂኤልሲሲአይ1 በሚባል ሌላ ዘረመል ላይ ልዩነቱን ከእናትም ከአባትም የወረሱ ሕመምተኞችን ተመልክቶ ነበር። በሚነፋ ስቴሮይድ የሳምባቸው አቅም የተሻሻለው፣ ልዩነቱ የሌለባቸው ሰዎች ካገኙት መሻሻል አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ ግን ያንኑ ውጤት አላገኙም። ስለዚህ ዛሬ ወንድምሽን አስመርምረሽ መጠኑን የምታስተካክዪበት የተለመደ ምርመራ የለም። ሥራው ገና አላለቀም ማለት ነው፤ ሰው የሚፈልገውም ለዚህ ነው።

አባትሽ "እዚህ አገር" ሲሉ ተሳስተዋል። በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ዘረመል ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጣል፤ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን እሱን ሊጎዳው ይችላል። የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ኮዴይንን ከልክሏል። እዚሁ ከእኛ ሰው የተወሰደ ደም ነው እዚህ ያደረሰው።

ደሞዙ ላይ ግን አባትሽ ልክ ናቸው። የመንግሥት ሆስፒታል ደሞዝ የመድኃኒት ቤት ገቢን አያክልም፤ ይህን አልሸሽግሽም። ግን ካውንተር ላይ ስትቆሚ ማን ሊመጣ ነው? ፊቷን ለማቅላት ያለ ማዘዣ የስቴሮይድ ቅባት የምትፈልግ ደንበኛ ትመጣለች። "የለም" ካልሻት ቀጥሎ ወዳለው ቤት ትሄዳለች፤ የኪራይ ቀን ሲደርስ ደግሞ "የለም" ማለት ይከብድሻል። ከሁሉም በላይ፣ ክኒኑን የሸጥሽለት ሰው ከወር በኋላ ምን እንደሆነ አታዪም። ዋርድ ውስጥ ግን ታያለሽ።

ስለዚህ ስትመረቂ ሁለት ዓመት ሕፃናት ወይም ውስጥ ደዌ ክፍል ሥሪ። ከዚያ በፋርማኮሎጂ፣ ማለትም መድኃኒት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በሚያጠናው ትምህርት፣ ማስተርስ ተማሪ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አለ፣ ምርምር ላይ ደግሞ አርማወር ሐንሰንን የመሰለ ተቋም አለ። ከምረቃ በቀጥታ ውጭ አገር ስኮላርሺፕ ለማሳደድ አትቸኩዪ። ዘረመል የሚያነብ ማሽን በገንዘብ ይገዛል። የትኛው ሕመምተኛ ስንት ሚሊግራም ስንት ቀን ወስዶ ምን እንደሆነ በጥንቃቄ የተጻፈ መዝገብ ግን አንድ ሰው ቆሞ ካልጻፈው አይገኝም።

አባትሽን ብሩን ለሁለት ዓመት እንዲያቆዩልሽ ለምኛቸው፤ ሐሳብሽን ከቀየርሽ መድኃኒት ቤቱ ያኔም ይከፈታል። እስከዚያ፣ አሁን በምትለማመጂበት ሆስፒታል የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበትን ቢጫ ቅጽ ጠይቂ። ስቴሮይድ ፊቱን ያሳበጠውን ወይም ስኳሩን ከፍ ያደረገበትን ሕመምተኛ ስታገኚ ሞልተሽ አስገቢ። አምስት ሲሞላልሽ ጻፊልኝ።