በቻይና ከተማ የሚገባ ሰው ማን ዘንድ ያርፋል?

ጥያቄ፦ እኛ ዘንድ ከገጠር የመጣ ሰው መጀመሪያ ዘመድ ቤት ያርፋል። በቻይናስ እንዴት ነው? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እዚያም በአብዛኛው መንገዱን የሚከፍተው ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ነው። ቀድሞ የገባው ማደሪያ ይሰጣል፣ ሥራ ያፈላልጋል፣ አሠሪው ፊት ይመሰክርለታል። በዚህ የተነሳ የአንድ አካባቢ ሰዎች አንድ ሰፈርና አንድ ሙያ ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጄጂያንግ ክፍለ ሀገር ያለችው የዌንጆ ከተማ አካባቢ ሰዎች በደቡብ ቤጂንግ ተሰባስበው በልብስ ስፌት የታወቀውን «የጄጂያንግ መንደር» መሠረቱ። አንዱ ዘመድ ጨርቅ ያመጣል፣ ሌላው ይሰፋል፣ ሌላው ይሸጣል፤ ብድሩም በመተማመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 መንግሥት ብዙውን ቢያፈርሰውም ሰዎቹ ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከባዱ የልጆች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በሕግ የጸናው «ሁኮው» የተባለ የቤተሰብ ምዝገባ ከእኛ የቀበሌ መታወቂያ እጅግ የጠበቀ ነው፤ ትምህርትንና ሌሎች አገልግሎቶችን ከተመዘገቡበት ቦታ ጋር ያስራል። ወላጅ ቤጂንግ ቢሠራም፣ ልጁ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ለመውሰድ ብዙ ጊዜ ወደተመዘገበበት ክፍለ ሀገር መመለስ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ሚሊዮኖች ልጆች ገጠር ከአያት ጋር ይቀራሉ። አያት ሲታመሙ ደግሞ ሥራዋን ጥላ የምትመለሰው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፤ ይህ ሸክም በቂ ትኩረት አላገኘም እንላለን።