የማታው ወተት ለምን ይመለስብኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው። ሁለት የሚታለቡ ዲቃላ ላሞች አሉኝ። የጠዋቱን ወተት የወተት መሰብሰቢያ ማዕከሉ ያለ ችግር ይረከበኛል። የማታውን ግን ጠዋት ስወስደው በአልኮል ይፈትሹትና ተቆራረጠ ብለው ይመልሱብኛል። ብቀምሰው ምንም አላለም። ጀሪካኑን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባለሁ። አገሩም ብርድ ነው። ታዲያ ለምን ይበላሻል? አፍልቼ ብወስደውስ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመልሱን ግማሽ ራስዎ ጥያቄው ውስጥ አስቀምጠውታል። የጠዋቱ ያልፋል፤ የማታው አያልፍም። ላሞቹ ያው ናቸው፤ አላቢውም ያው ነው። የጡት በሽታ ወይም የእንገር መቀላቀል ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ የጠዋቱም አብሮ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ወተቱ ከላሟ ሲወጣ ደህና ነው። የሚበላሸው ሲያድር ነው።

ከጤነኛ ጡት በሚወጣ ወተት ውስጥ ባክቴሪያ በጣም ጥቂት ነው። ብዙው የሚገባው ከጡቱ ቆዳ፣ ከእጅ፣ ከማለቢያውና ከጀሪካኑ ነው። ከገባ በኋላ ደግሞ ሁሉ ነገር ተሟልቶ ይጠብቀዋል። ውሃ አለ፣ ስኳር አለ፣ ፕሮቲን አለ። ወተቱ ሲታለብ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ገደማ ነው። ለአብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይመቻቸዋል።

ባክቴሪያ የሚባዛው ለሁለት እየተከፈለ ነው። አንዷ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ። ሲመቻቸው ይህ በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ አንዳንዶቹማ 20 ደቂቃ ይበቃቸዋል። በግማሽ ሰዓት ሂሳብ አንዷ ባክቴሪያ በ5 ሰዓት ውስጥ 1,024 ትሆናለች። በ10 ሰዓት ከአንድ ሚሊዮን ታልፋለች። ምሽት 12 ሰዓት ታልቦ ጠዋት 1 ሰዓት ማዕከል የሚደርስ ወተት ደግሞ 13 ሰዓት ሆኖታል።

እየበዙ ሲሄዱ የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲድ የጀመረው ወተት አልኮል ሲነካው ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ምላስ ሳያውቀው በፊት አልኮሉ ያውቀዋል። ስለዚህ እርስዎም ማዕከሉም ትክክል ናችሁ። ያ ወተት ሲቀመስ ደህና ይመስላል፤ ፋብሪካ ገብቶ ሲሞቅ ግን ሊቆራረጥ ይችላል።

አሁን ወደ ጀሪካኑ ልምጣ፤ ዋናው ጥርጣሬዬ እሱ ላይ ነው።

ባክቴሪያ አዲስ ቦታ ስትገባ ወዲያው አትባዛም። ከአፈር ወይም ከፍግ የመጣች ከሆነች መጀመሪያ ወተቱን መልመድ አለባት። ስኳሩን የምትፈጭበትን ኢንዛይም እስክታዘጋጅ ጊዜ ይፈጅባታል። ይህ ጊዜ ለእርስዎ ትርፍ ነው። ከጀሪካኑ ግድግዳ የምትነሳዋ ግን ትናንትም ወተት ውስጥ የነበረች ናት። የምትለምደው አዲስ ነገር የለም፤ ወተቱ እንደተገለበጠ ሥራ ትጀምራለች። እርጎ የሚያዘጋጁ እናቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። የትናንቱ ቅሪት ዕቃው ውስጥ ካለ የዛሬው ወተት ቶሎ ይረጋል። ለእርጎ የሚፈለገው ይኸው ነገር ለሽያጭ ወተት ጠላት ነው።

አጥባለሁ ብለዋል፤ አምንዎታለሁ። ግን ጀሪካን አጥበው የሚጨርሱት ዕቃ አይደለም። ነገ ፀሐይ ላይ ወስደው ወደ ውስጥ ይዩት። የጀሪካኑ እጀታ ውስጡ ክፍት ነው፤ ወተት ይገባበታል፤ እጅም ብሩሽም አይደርስበትም። ከአንገቱ በታች ያለው ጥግም እንደዚያው ነው። ጣትዎን እስከደረሰበት አስገብተው ግድግዳውን ይሹት። ሙልጭልጭ ካለ ወይም ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የኮመጠጠ ሽታ ከሰጠ፣ እዚያ ባክቴሪያ ተለጥፎ እየኖረ ነው ማለት ነው። በራሱ ልጋግ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ሳሙናው የላይኛውን ያጥባል፣ የሥረኛው ይተርፋል። ፕላስቲኩ ሲጫጫር ደግሞ መደበቂያው ይበዛል።

አቅም ከፈቀደ አፉ ሰፊ የሆነ፣ እጅ እስከ ታች የሚገባበት የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት የወተት ዕቃ ይግዙ። ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን በየጊዜው የሚመለስብዎትን ወተት ዋጋ ደምረው ያስቡት። ባለ ሁለት ላም ገበሬ መጀመሪያ ገንዘብ ማውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አስተጣጠቡም ቅደም ተከተል አለው። ሙቅ ውሃ መጀመሪያ አያስገቡ፤ የቀረውን ፕሮቲን ግድግዳው ላይ ያበስለዋል። ወተቱ እንደተገለበጠ ወዲያው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ያለቅልቁት። ከዚያ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ይሹት። በመጨረሻ በፈላ ውሃ ያለቅልቁና ደፍተው ያድርቁት። መድረቁን አይናቁት። እርጥበት ከሌለ ባክቴሪያ አይባዛም። ታጥቦ ክዳኑ ተዘግቶ እርጥቡን የዋለ ዕቃ ማታ ሲከፈት ውስጡ ባክቴሪያ ሞልቷል። በወይራ ማጠን ጥሩ ልማድ ነው፤ ጭሱ ባክቴሪያን ያዳክማል። ያልታጠበን ዕቃ ግን አያነጻም፤ ሽታውም ወተቱ ላይ ስለሚቀር ማዕከሉን አስቀድመው ይጠይቁ።

ብርዱን በተመለከተ፣ ውጪው ቀዘቀዘ ማለት ወተቱ ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። አየር ሙቀትን ቶሎ አይወስድም። ፕላስቲክም ሙቀት ይይዛል። ተዘግቶ ቤት ውስጥ የተቀመጠ 10 ሊትር ወተት እስከ ሌሊት ለብ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ምድጃ አጠገብ ከሆነማ ጭራሽ። ውሃ ግን ከአየር ይልቅ ሙቀትን በጣም ቶሎ ይወስዳል። እንደታለበ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡት። የውሃው ከፍታ ከወተቱ ከፍታ አይነስ። በንጹህ ጭልፋ ወተቱን አልፎ አልፎ ያማስሉት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሃው ለብ ሲል ይቀይሩት። ከዚያ ቀዝቃዛ ቦታ ይደር። የእናንተ አገር ውሃ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ቆላ ያሉ ገበሬዎች ይህን ዕድል አያገኙም።

ልብ ይበሉ፣ ቅዝቃዜ ባክቴሪያን አይገድልም፤ ያዘገየዋል እንጂ። 4 ዲግሪ ላይም ቀስ ብለው የሚባዙ አሉ። ፍሪጅ ውስጥ ለቀናት የቆየ ወተት ሳይኮመጥጥ የሚመርረው በእነሱ ነው። ለእርስዎ አንድ ሌሊት ስለሆነ እነዚህ አያሳስቡዎትም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ጠዋት ያለቡትን ትኩስ ወተት ካደረው ጋር ቀላቅለው ያውቃሉ? ከሆነ ይተዉት። ቀዝቅዞ ያደረውን መልሰው አሞቁት ማለት ነው። ያደሩት ባክቴሪያዎች ነቅተው መባዛት ይቀጥላሉ፤ ደህናው የጠዋት ወተትም አብሮ ይበላሻል። በተለያየ ዕቃ ይውሰዱት።

አፍልቼ ብወስደውስ ላሉት፣ አይሆንም። ማዕከሉ የሚረከበው ጥሬ ወተት ነው። ማፍላት አብዛኛውን ባክቴሪያ ይገድላል፤ ግን አንዳንዶቹ ክፉ ቀን ሲመጣ ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ይተኛሉ፤ መፍላቱን ያልፉትና ሲቀዘቅዝ ይነቃሉ። የፈላው ወተት ተመልሶ እዚያው ጀሪካን ከገባ ደግሞ ልፋቱ ከንቱ ነው። ቤት የምትጠጡትን ግን ሁልጊዜ አፍሉ፤ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ምናልባት ሶዳ ጨምርበት የሚልዎ ሰው ካለ አይስሙት። ሶዳው አሲዱን ይደብቃል፤ ባክቴሪያው እንዳለ ነው፤ ገዢውንም ማታለል ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። ሁለት ብርጭቆ ቀቅለው ያድርቁ። ማታ አንዱን በቀጥታ ከማለቢያው ይሙሉት። ሌላውን ጀሪካን ውስጥ ከገባው ወተት ይቅዱ። ሁለቱንም ሸፍነው ጀሪካኑ አጠገብ ያሳድሩ። ጠዋት ሁለቱንና ከጀሪካኑ ጥቂት ወስደው ሦስቱን ለየብቻ ያፍሉ። ከጀሪካን የተቀዳው ብርጭቆ ተቆራርጦ የማለቢያው ደህና ከሆነ፣ ጥፋቱ የጀሪካኑ ነው። ሁለቱም ብርጭቆዎች ደህና ሆነው የጀሪካኑ ብቻ ከተቆራረጠ፣ ትንሹ ቶሎ ስለቀዘቀዘ ነው የተረፈው፤ ስለዚህ ሳፋውን ያዘጋጁ። ሦስቱም ከተቆራረጡ ወደ ጋጣው ይመለሱ፤ ጡቱ በደንብ ታጥቦ፣ ለየላሟ በተለየ ንጹህ ጨርቅ ደርቆ ይታለባል ወይ? ማለቢያውስ እንዴት ነው? ያገኙትን ጽፈው ይላኩልኝ፤ ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።