«ቪቫ» የሚለውን ካወቅሽ ጀምረሻል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ እሠራለሁ። ባልደረቦቼ ከኤል ሳልቫዶር ናቸው። ባለፈው አንዲት ትልቅ ሴት ድስት ሲያጥቡ ደክሟቸው አየሁና «ኪዬሮ ኬ ኡስቴድ ዴስካንሳ» አልኳቸው። እንዲያርፉ እፈልጋለሁ ማለቴ ነበር። ፈገግ ብለው «ዴስካንሴ» ብለው አረሙኝ። ለምን ተቀየረ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ዴስካንሳ» ያርፋሉ ማለት ነው። አንቺ ግን ይረፉ ብለሽ ነው የተመኘሽላቸው። ስፓኒሽ የሚሆነውን ነገርና የተመኘነውን በግሡ መጨረሻ ይለያል። እኛም «ያርፋሉ» እና «ይረፉ» እያልን እንለያለን እኮ።

እኔ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ከሄድነው ልጆች አንዱ ነኝ። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የቶሮንሃ (ግሬፕፍሩት) እርሻ ላይ ነበርን። ማታ የመኝታ ቤታችን ጠባቂ በየአልጋው ታልፋለች። አንሶላዬን እስከ ትከሻዬ ትስብልኝና «ኬ ዴስካንሴስ» ትለኛለች። ማንም አልተረጎመልኝም። አያቴ «ሰላም ያሳድርህ» ስትለኝ የነበረው ድምፅ ስለነበረው ምርቃት መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

መንገዱ ይኸው ነው። በ«አር» የሚያልቅ ግሥ «አ» የነበረው «ኤ» ይሆናል። ዴስካንሴ ለእኔ፣ ለእሱ፣ ለእሷና ለአንቱ ነው። ዴስካንሴስ ለአንተና ለአንቺ፣ ዴስካንሴሞስ ለእኛ፣ ዴስካንሴን ለእነሱና ለእናንተ። በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁት ደግሞ ተገላቢጦሽ «አ» ይይዛሉ። «ኮሜ» ይበላል፣ «ኮማ» ይብላ። «ቪቬ» ይኖራል፣ «ቪቫ» ይኑር። በየሰልፉ የምንጮኸው «ቪቫ ኩባ» ኩባ ትኑር ማለት ነው። ይህን ስሰማ ነው ሕጉ ጭንቅላቴ ውስጥ የተቀመጠው።

ደስ የሚለኝ አንቱታው ነው። እኛ ትልቅ ሰው ስናዝ «ብላ» አንልም፣ «ይብሉ» እንላለን። ስፓኒሽም ለኡስቴድ፣ ማለትም ለአንቱ፣ ይህንኑ ቅርፅ ነው የሚያውሰው። ስለዚህ ያረሙሽ ሴት የተናገሩት «ዴስካንሴ» ብቻውንም «ይረፉ» ነው።

አማርኛችን የማይረዳሽ ቦታ ግን አለ፤ እዚህ ተጠንቀቂ። ጥርጣሬም ይህንኑ ቅርፅ ይፈልጋል። «የሚበላ ይመስለኛል» ስትዪ «ክሬዮ ኬ ኮሜ»፣ «የሚበላ አይመስለኝም» ስትዪ «ኖ ክሬዮ ኬ ኮማ»። በአማርኛ «የሚበላ» ሁለቱም ጋ አልተለወጠም፣ በስፓኒሽ ተለወጠ። ገና ያልሆነ ነገር ላይም እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ ሲበላ «ኳንዶ ኮሜ» ነው፤ ዛሬ ማታ ሲበላ ግን፣ ገና አልበላምና «ኳንዶ ኮማ»። እኔ ይህችኛዋን ለመልመድ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ አንቺም አትቸኩዪ።

ዛሬ ሥራ ስትጨርሱ፣ ሴትዮዋ ሽርጣቸውን ሲፈቱ «ኬ ዴስካንሴ» በያቸው። «ኢጉዋልሜንቴ» ካሉሽ፣ ለአንቺም ማለታቸው ነው።